የጓሮ በር

«አየሽ? አንድ ሰው እንኳ አላስታወሰሽም።»

ፌና ይህን ስትሰማ በልጇ ቤት ጓሮ፣ እንፋሎት እንዲወጣ ገርበብ ከተደረገው የማድ ቤት መስኮት ሥር፣ የኬክ ካርቶን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማ ነበር። ድምፁ የቤረንት ነው፤ የገዛ ልጇ ድምፅ። ቁጣ የለበትም። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቀስ ብሎ፣ ለስለስ አድርጎ ነው የሚናገረው። «እህትሽ አልደወለች። እናቴ አልመጣች። ያ ሁሉ ጓደኛዬ የምትዪው የት ገባ? እኔ ባልኖር ማን አለሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን አለሽ?» ከሚስቱ ከማሪት በኩል የተሰማው ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲነካካ ብቻ ነው። ያ የየካቲት ቅዳሜ የማሪት ልደት ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ቀን።

ፌና ጆሮዋን ማመን አቃታት። በዚያው ሳምንት «እማዬ፣ ማሪት ሰሞኑን በጣም ደክሟታል፤ ሰው ማየት አልፈለገችም። ዘንድሮ ልደት የለም፣ አትምጪ፤ ቅር እንዳይልሽ» የሚል መልእክት በስልኳ የላከላት ራሱ ቤረንት ነው። በእነሱ ዘንድ ለልደት መጠራት የሚባል ነገር የለም። የዘመድ አዝማዱ ሁሉ የልደት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሽንት ቤት ውስጥ ይሰቀላል፤ እዚያ ተቀምጦ የማያነበው ስለሌለ ረሳሁ ማለት አያዋጣም። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም ይመጣል፣ ወንበር ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ አንድ ቁራጭ ኬክ ይበላል፤ ሁለተኛ ቁራጭ ያነሳ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይታማል። እንኳን አደረሰሽ የሚባለውም ለባለልደቷ ብቻ አይደለም። የአማቷም፣ የእህቷም፣ የጎረቤቷም እጅ በየተራ እየተጨበጠ «እንኳን ለምራትሽ ልደት አደረሰሽ» ይባላል። ልደት መሰረዝ በዚያ ሰፈር ሠርግ ከመሰረዝ አይተናነስም። ቢሆንም ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰው ደክሞኛል ካለ ደክሞታል፤ ጨዋ ሰው አይመረምርም። ፌናም አልጠየቀችም። የመጣችውም ኬኩ ቀድሞ ታዝዞ ሃያ ሁለት ዩሮ ስለተከፈለበት ነው። የተከፈለበትን ኬክ ለኬክ ቤቱ ትቶ መቅረት ለእሷ ጥርስ ከመነቀል ይብሳል። በጓሮ ሹልክ ብላ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ነበር ሐሳቧ።

የጓሮው በር ግን ተቆልፏል። በኤንስኼዴ ከተማ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ለሠራተኞቻቸው ባሠሯቸው እነዚያ ትከሻ ለትከሻ በተደገፉ የሸክላ ቤቶች፣ ሰው የሚገባው በጓሮ ነው። ጎረቤት ሳያንኳኳ እጀታውን ተጭኖ «እኔ ነኝ» እያለ ይገባል። የፊት በር ለሙሽራና ለአስከሬን ነው፤ ከዚያ ውጭ በፊት በር የሚመጣ ሰው ወይ የሚሸጠው ዕቃ አለው ወይ የሚያመጣው ክስ። ፌና በሰባ አንድ ዓመቷ የጓሮ በር ተቆልፎባት አያውቅም። እጀታውን ተጫነች፤ እንቢ ሲላት ዝጎ ይሆናል ብላ ደግማ ተጫነች። ከእጀታው በላይ የተገጠመውን የሚያብረቀርቅ አዲስ ቁልፍ ያየችው ዓይኗን ከፍ ስታደርግ ነው። ያን ድምፅ የሰማችውም እሱን እያየች ሳለ ነበር።

ማንኳኳት ትችል ነበር። መስኮቱን መታ መታ አድርጋ «ይኸው መጥቻለሁ» ማለት ትችል ነበር። ግን የወለደችውን ልጅ ፊት ማየት ፈራች። ፈሪ የሚላት ይኖር ይሆናል። እሷ ራሷም ለጊዜው እንደዚያ ብላ ራሷን ሰድባለች። ይሁን እንጂ ያን ሰዓት ብታንኳኳ ኖሮ ቤረንት ፈገግ ብሎ ይከፍትላት፣ አንድ ነገር ብሎ ይሸኛት፣ እሷም አምናው ትሄድ ነበር፤ ዘዴውን ያውቅበታል። ፌና ኬኩን እንደታቀፈች በቀጭኗ የጓሮ መንገድ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ቤቷ ደርሳ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ እንዳለች የጓሮው በር ተከፈተ። «እኔ ነኝ፤» አለች ጎረቤቷ ዲኒ። ዲኒ ዕድሜዋን በአውቶቡስ ሹፌርነት የጨረሰች ሴት ናት፤ ዛሬም ስታወራ የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ነው። «ምን ሆነሽ ነው ኬክ ይዘሽ ሄደሽ ኬክ ይዘሽ የምትመለሺው? ብቻሽን ልትሰለቅጪው አስበሽ ከሆነ አይቼሻለሁ።» ፌና አልሳቀችም። የሰማችውን ቃል በቃል ነገረቻት። ዲኒ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሲቀንስ ፌና የሰማችው የቤረንት አባት ሲቀበር ብቻ ነው። «ለእኔ እኮ ልጃቸውን ሊንዴን ጉንፋን ይዟታል ብሎ ነው የጻፈልኝ፤» አለች።

የማሪት እህት ሄስተር የምትኖረው ሩቅ፣ ባሕር ዳርቻ ነው። ደወሉላት። ለእሷ የተነገራት ደግሞ ሌላ ነው። ማሪት በገና ዕለት በተባለው ነገር ተቀይማለች፣ ከቤተሰቧ የአንዱንም ዓይን ማየት አትፈልግም፣ ስልክ እንኳ እንዳትደውዪ ተባለች። ሄስተር «ምን እንዳልኳት ስፈልግ ሁለት ወር እንቅልፍ አጣሁ፤ ምንም አላልኳትም እኮ» ብላ አለቀሰች። ለሦስት ሰው ሦስት ወሬ። ፌና ስልኩን ዘግታ ያለፉትን ዓመታት ታስብ ጀመር። ማሪት ገበያ በወጣች ቁጥር ቤረንት አሥር ጊዜ ሲደውልላት «ታድላ፣ እንዲህ የሚያስብላት ባል» ትል የነበረችው እሷ ናት። ምግብ ቤት ሲገቡ «ማሪት ወይን አትወድም» እያለ የሚመልስላት እሱ ነበር። ማሪት ቀድሞ ቀልደኛ ነበረች፤ አሁን ከመናገሯ በፊት ባሏን የማየት ልማድ አመጣች። ሥራዋን የተወችው ለልጅቷ ነው ተባለ። መኪናዋን የሸጡት ስለማያስፈልግ ነው ተባለ። ሁሉም ለየብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው። አሁን አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሌላ መልክ ያዙ።

የዚያ ሰፈር ሰው መጋረጃ አይጋርድም። ማታ መብራት ሲበራ የማን ቤት ምን እንደሚበላ ከመንገድ ይታያል። የሚደበቅ የለንም ለማለት ነው። ያየውን ግን ማንም ለማንም አያወራም፤ የሰው ጓዳ የሰው ጓዳ ነው። እንዲህ ሆነው ሁሉም ነገር እየታየ ምንም ሳይታይ ይኖራሉ። ፌናም በዚህ ያደገች ናት። ስለዚህ ዲኒ «ሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ቁጥር ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ቤት ውስጥ ለሚደርስ በደል ምክር የሚሰጡ አሉ፣ እንደውልላቸው» ስትላት መጀመሪያ «የልጄን ስም ለማላውቀው ሰው?» አለች። ዲኒም «ስሙን ከጠየቁሽ አትንገሪ። የእሷን ግን ማን ይንገርላት?» አለቻት።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ድምፅዋ የረጋ ነው። ፌና ከሰላምታ ቀጥሎ የተናገረችው «ልጄ ሚስቱን አይመታም» የሚል ነበር። ሴትየዋ «ስለ መምታት እኔ ገና አልጠየቅሁዎትም» አለች። ከዚያ ፌና አፏ ተፈታ። ስለ ልደቱ፣ ስለ ሦስቱ ወሬ፣ ስለ አዲሱ ቁልፍ፣ ባለፈው ዓመት ፊት በሩ ላይ ስላስገጠመው ካሜራ ያለው ደወል ተናገረች። ማንም ወደ በሩ ሲጠጋ የቤረንት ስልክ ላይ ይታያል፤ ያኔ «ለቤተሰቤ ደህንነት ነው» ብሎ እየሳቀ አሳይቷት ነበር። ሴትየዋ ሰውን ከሰው ነጥሎ ማስቀረት፣ መግቢያ መውጫውን መቆጣጠር፣ ማንም የለሽም ብሎ ማሳመን ራሱ ጥቃት መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ሰው እጁን ካላነሳ ገና አላነሳም ማለት እንደሆነ አስረዳቻት። ልጇን እንዳትናገረው፣ ዕቅድ እንዳለ እንዳይጠረጥር አስጠነቀቀቻት፤ ሴት ልትወጣ የተነሳችበት ሰዓት ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። «ምራትዎን ብቻዋን ያግኟት። ውጪ ብለው አያዝዟት፤ የሚያዛት ሰው ሞልቷታል። ምን እንደምትፈልግ ይጠይቋት። እሺ ካለች መሀል ከተማ ወዳለው ቢሯችን ይምጡ፣ ማረፊያ አናጣላትም። የት እንደሆነ ግን ለእርስዎም አንነግርዎትም።» ፌና «የልጅ ልጄን የት እንደወሰዳችኋት ሳላውቅ?» አለች። «ካላወቁት ልጅዎ ሊያወጣጣዎ አይችልም፤» አለች ሴትየዋ። ፌና ዓይኗን ጨፈነች። ሊንዴ አራት ዓመቷ ነው፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ከአያቷ ጋ ነው የምትውለው። «ይሁን፤» አለች።

ቤረንት ቅዳሜ ከሰዓት እግር ኳስ ይዳኛል። በከተማው የተመሰገነ ዳኛ ነው፤ አይጮህም፣ አያዳላም፣ ተጫዋች ቢሰድበው እንኳ ፊቱ አይቀየርም። ዳኛ ደግሞ ሜዳ ላይ ስልክ አይዝም። የዚያው ቀን ጨዋታ የተጀመረበት ሰዓት እንዳለፈ ዲኒ ትንሿን መኪናዋን ከቤረንት ቤት ፊት ለፊት አቆመች፣ ሞተሩንም አላጠፋችም። «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም፤ ዛሬም አላረፍድም፣ ሂጂ፤» አለቻት። ፌና ኬኳን ይዛ በፊት በር ሄደች። የልጇን ቤት ደወል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውል ዕቃ ሻጭ የሆነች መሰላት። ካሜራው ሲያያት የሚያየው ኬክ የያዘች እናት ነው፤ ይይ።

«እማማ ፌና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሞኛል፤» አለች ማሪት ከውስጥ፣ በሩን ሳትከፍት። «ቤረንት ሲመለስ ይደውልልዎታል።» በደንብ የተጠና አነጋገር ነው። ፌና ኬኩን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ሐኪም «እንዳታጥፊው» ያላትን ጉልበቷን አጥፋ፣ ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ ተንበረከከችና በበሩ መሀል ያለውን የፖስታ ቀዳዳ ከፈተች። በዚያ በኩል የሚታያት የማሪት ካልሲ ብቻ ነው። መንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ባልና ሚስት መጋረጃ በሌለው መስኮታቸው ቆመው ያያሉ። ፌና በሕይወቷ ለሰው ዓይን እንደዚያ ተጋልጣ አታውቅም፤ በሌላ ቀን ቢሆን በእፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። «ማሪት፣ ዛሬ ማንም አልረሳሽም። አትምጡ ያለን እሱ ነው፤» ብላ ስልኳን በቀዳዳው አስገባችላት። የተከፈተው የቤረንት መልእክት ነው። ከሥሩ ለዲኒ የጻፈው አለ፣ ከዚያ በታች ለሄስተር የጻፈው። ሄስተር የሁለት ወሩን በሙሉ ልካላቸው ነበር።

ካልሲዎቹ አልተንቀሳቀሱም። በኋላ ማሪት ቀስ ብላ እዚያው ወለሉ ላይ ስትቀመጥ ፌና ጉልበቷን አየች፣ ቀጥሎ እጇን፣ ቀጥሎ ፊቷን። በበሩ ወዲያና ወዲህ ሁለት ሴቶች መሬት ላይ ሆነው በአንዲት የፖስታ ቀዳዳ ተያዩ።

«ሄስተርም?»

«ሄስተርም። ለቅሶ ላይ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ምን በደልኳት እያለች ስትብሰለሰል ከረመች።»

«እርስዎ የእሱ እናት አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት።» ከዚያ የምክር ሴትየዋ ያለቻት ትዝ አላት። ምላሷ ላይ «ነይ ውጪ» የሚለው ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «ምን ትፈልጊያለሽ፣ ማሪት?»

ማሪት ጥያቄው የባዕድ ቋንቋ ይመስል ቃል በቃል ደገመችው። ለልደት ስጦታ ምን እንደምትፈልግ የተጠየቀች መስሏት ይሆናል። «መተኛት፤» አለች በመጨረሻ። «አንድ ሌሊት፣ ኮቴ ሳላዳምጥ መተኛት።» ተነሳችና በሩን ከፈተች።

ፌና ኮሪደሩ ውስጥ ስትገባ ግድግዳው ላይ የሊንዴ ሥዕሎች ተደርድረው አየች። ቁመታቸው አስገረማት፤ የልጅ ሥዕል የሚለጠፈው ልጅ በሚደርስበት ነው፣ እነዚህ ግን በአዋቂ ጭንቅላት ትክክል ናቸው። ማሪት የፌናን ዓይን ተከትላ «አልመታኝም እኮ» አለች፣ ጠበቃው የሆነች ይመስል። «ግድግዳውን ነው የሚመታው። ከጆሮዬ አጠገብ።» ፌና አንዱን ሥዕል ገለጥ አደረገች። ፀሐይና ሦስት ሰው የተሳለበት ነው፤ ከኋላው በጡጫ ልክ የተቦደሰ ልስን አለ። አምስት ሥዕል ነበር። የቀሩትን አልገለጠቻቸውም። ሲወለድ ጣቶቹን አንድ በአንድ የሳመችለት እጅ ነው። ሥዕሉን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም።

ማሪት ዕቃ ስትሰበስብ ፌና የምታስቸኩላት መስሏት ነበር። ያስቸኮለችው ማሪት ናት። ደረጃው ሥር ካለው ቁም ሣጥን አንድ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወጣች፤ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ካርቶን ነው። ከፈተችው። ከጫማዎቹ ሥር የእሷና የሊንዴ ፓስፖርት፣ የልጅቷ የክትባት ካርድ፣ የራሷ የነርስነት ምስክር ወረቀት በፌስታል ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «በዚህ ቤት እሱ የማይከፍተው ዕቃ ይኸ ብቻ ነው። የቦዩ ውኃ በረዶ ሠርቶ ካልተንሸራተቱበት ማን ይነካዋል?» አለች። ፌና ቀና ብላ አየቻት። ፈዛለች፣ ደክማለች፣ አቅም የላትም ሲሏት የከረመችው ይህች ሴት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ እንዳይሠራ እየጸለየች መውጫዋን ጫማ ሥር አስቀምጣ ስትጠብቅ ኖራለች። የጠበቀችው ድፍረት አልነበረም፤ ድፍረቱ ነበራት። የጠበቀችው በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ነው። ፌና ይህን ስታስብ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ተሰሟት፤ እፍረትና ኩራት።

ስልኳን ማሪት ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ጠዋት ከበላችበት ሳህን አጠገብ ተወችው። የት እንዳለች የሚናገርባት እሱ ነው። ሊንዴን ካፖርት አለበሰቻት፣ ካርቶኑን በብብቷ አደረገች፣ በፊት በርም ወጣች። በዚያ ሰፈር በፊት በር የምትወጣ ሴት ወይ ሙሽራ ናት ወይ ሬሳ። ማሪት ከሁለቱም አልነበረችም። ማዶ ያሉት ሽማግሌ ከመስኮታቸው አልሸሹም፤ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ፣ ማሪትም አነሳችላቸው። መኪናው ውስጥ ስለ ጫማው ካርቶን ሲነገራት ዲኒ ማርሽ እያስገባች «ቦዩ በረዶ አልሠራ አለ ብዬ ስንት ዓመት መንግሥትን ስሰድብ ኖሬአለሁ። ይቅር ብያለሁ፤» አለች።

ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለቻቸው፣ ማሪትን ለብቻዋ አስገብታ ብዙ አነጋገረቻት። ሲወጡ ማረፊያው ተገኝቷል፤ መኪና እየመጣ ነው፤ ሌላ ከተማ ነው፤ የማሪት ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍና ቁልፉም በእሷ እጅ የሚሆን ነው። ማሪት ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። መኪናው እስኪመጣ ግን መቀመጥ ነበረባቸው። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ሐኪም ቤት ተደርድረዋል። ዲኒ ዝም ብላ ተነሳችና እያንዳንዱን እየጎተተች ክብ አደረገቻቸው። «ምን ታዩኛላችሁ? ልደት እኮ ነው።» ፌና ኬኩን ከፈተች፤ ከመታቀፍ ብዛት አንድ ጎኑ ተጨፍልቋል። ወጣቷ ሠራተኛ ቢላዋ ፈልጋ አመጣችና ከማሪት ጀምራ እጅ ጨበጠች። ከዚያ ፌና ፊት ቆመች። «እንኳን ለምራትዎ ልደት አደረሰዎት፤» አለቻት፣ እንደ ወጉ። ፌና እስከዚያ ሰዓት የያዘችውን ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ የወጣቷን እጅ እንደያዘች አለቀሰች። ሁሉም አንድ አንድ ቁራጭ በላ። ዲኒ እጇን ወደ ሁለተኛው ስትሰድድ ማሪት አየቻትና «እመት ዲኒ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው የማማዎት» አለች። ሊንዴ እናቷ ቀልድ ስትናገር ስትሰማ ማኘኳን ትታ ቀና አለች፤ ከዚያ ተከትላት ሳቀች።

ስንብቱ አጭር ነበር። ሊንዴ «ረቡዕ እመጣለሁ» አለቻት። ፌና አይሆንም አላለችም፣ አዎ ብላም አልዋሸቻትም፤ የካፖርቷን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችላት። መኪናው በየት በኩል እንደታጠፈ ላለማየት ፊቷን ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት አዞረች። የልጅ ልጅ የሚወድን ልብ ከዚህ የበለጠ ነገር የጠየቀው ሰው ይኖር እንደሆነ እንጃ። እሷ ግን ሰጠችው፣ ሳታማርር።

የተረፈውን ኬክ ይዘው ወደ ቤት ሲመለሱ ገና አልመሸም። ወጣቷ ሠራተኛ ቤረንት መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናቱ እንደሚሆን ነግራት፣ ለፖሊስም አስታውቃላት ነበር። ፌና ማድ ቤት ገብታ መሳቢያዎቹን ታተረማምስ ጀመር። ዲኒ «ምን ጠፋሽ?» አለቻት። የጓሮ በር ቁልፍ ነው የጠፋት። ከገባችበት ዘመን ጀምሮ ተጠቅማበት ስለማታውቅ መልኩንም ረስታዋለች። ከአሮጌ ቡሽ መክፈቻና ከሻማ ቁራጭ መሀል አገኘችው፤ በሰላጣ ዘይት አሸችው፤ ሁለት እጇን አስደግፋ አዞረችው። ቀጭ ሲል ሁለቱም ሴቶች ደነገጡ። ዲኒ አጠገቧ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች፣ ስልኩንም ጭኗ ላይ አደረገች።

ኮቴው በጓሮ መንገድ መጣ። ፌና ከሺህ ኮቴ መሀል ትለየዋለች። እጀታው ዝቅ አለ፤ ቤረንት ቁመቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዝቅ እንደሚያደርገው። በሩ አልተከፈተም። እጀታው ደግሞ ዝቅ አለ።

«እማዬ? በሩ ተቆልፏል።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቆለፍኩት።»

ቤረንት አልጮኸም፤ እሱ አይጮህም። «ማሪት እዚህ ናት?»

«የለችም።»

«የት ናት?»

«አላውቅም፤» አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያ ቀን አለማወቋን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነች። «ቤረንት፣ የሚረዱህ ሰዎች አሉ። ቁጥሩን በፊት በሩ የፖስታ ቀዳዳ አወጣልሃለሁ። እነሱ ጋ ሄደህ ስትመለስ እንነጋገራለን። እወድሃለሁ። ዛሬ ግን አይከፈትም።»

በመስታወቱ በኩል ጥላው ወደ በሩ ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ፣ ለስለስ አደረገው። ጠዋት ከማድ ቤቱ መስኮት የሰማችው ድምፅ ነው፤ ያው አንድ ዓይነት፣ የሚያሳዝን ዜና የያዘ ሰው ድምፅ። «እማዬ፣ አባዬ ሞቷል። አርጅተሻል። እስቲ አስቢው፣ እኔ ባልኖር ማን አለሽ?»

የፌና እጅ ቁልፉ ላይ ነበር። ቁልፉ ገና ዘይት ዘይት ይላል። ማሪት ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ብቻዋን ስትመልሰው እንደኖረች አሰበች፤ የጠዋቱ ማንኪያ ከሳህኑ ጋር ሲነካካ አሁንም የሰማች መሰላት። ዲኒ ከወንበሯ አልተነሳችም። ፌና ግንባሯን በሩ ላይ አስደገፈች፤ ልጇ በዚያ በኩል፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

«ሰው አለኝ፤» አለችው።

እጁን ከእጀታው ሲያነሳ እጀታው ወደ ላይ ተመለሰ። ኮቴው በጓሮው መንገድ እስኪርቅ ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ዲኒ ተነስታ ከኬኩ የተረፈውን አንድ ቁራጭ በሳህን አድርጋ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ለማሪት ሁለተኛ ቁራጭ ይሁን ብላ፣ አስቀመጠችው።